ሉል እንባ ያመጣልን?



በየሳምንቱ ለዚህ የቤተሰብ ዓምድ የሚላኩልን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ሌላው ስለ ጓሮ አትክልት፣ ሌላውም በግዳጅ ላይ ስላለ አባወራና በሰፈር ስለቀሩት ቤተሰቦቹ ይነሣል። ሰሞኑን ከአንድ ሃምሳ አለቃ የደረሰን ደብዳቤ ግን ከዚህ ቀደም ነክተነው ስለማናውቀው ስለ ሉል የሚጠይቅ ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃምሳ አለቃው ከሰላም ማስከበር ግዳጅ ሲመለሱ በመንገዳቸው ላይ ባለች አንዲት የወደብ ከተማ ገበያ ይገባሉ። ከአበላቸው ቆጥበው ባጠራቀሙት ገንዘብም ለባለቤታቸው አንድ የሉል ሐብል ይገዛሉ። ሻጩ «ይህ ጠላቂ ከባሕር ወለል ያወጣው ነው፤ በሰኔ ለተወለደች ሴት ደግሞ የልደት ዕንቁዋ ነው» ሲል አረጋገጠላቸው። ባለቤታቸው የተወለዱት በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነበርና ሃምሳ አለቃው በግዢያቸው ደስ እንዳላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐብሉ ግን በወይዘሮዋ አንገት ላይ ሦስት ቀን እንኳ ሳይሰነብት፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት ጎረቤት አዩትና «ይኼ እኮ በእርባታ የሚገኘው ነው፤ እውነተኛው አይደለም። ደግሞስ ሉል ለሚስት ይሰጣል እንዴ? እንባ ያመጣል ይባላል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐብሉ ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም።

ሃምሳ አለቃው ደብዳቤያቸውን ሲደመድሙ «እኔን የከፋኝ ገንዘቡ አይደለም። እርሷ ሐብሉን ባየችው ቁጥር እኔ የተታለልሁ ሰው መሆኔ እንዲታሰባት አልፈልግም። እውነቱ ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ» ይላሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ሦስት ነው። ሉል በእርግጥ የሰኔ ዕንቁ ነውን? በእርባታ የተገኘ ሉል ሐሰተኛ ነውን? ሉልስ እንባ ያመጣልን? በየተራ እንመልከታቸው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር መጥቀሳችንን ግን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የሰኔ ዕንቁ የተባለበት ምክንያት

የልደት ወርን ከዕንቁ ጋር የማዛመድ ሐሳብ መነሻው ሩቅ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 በሊቀ ካህናቱ በአሮን የደረት ኪስ ላይ 12 ዕንቁዎች እንደነበሩ ተጽፏል፤ እነዚህም የ12ቱ ነገደ እስራኤል ምሳሌዎች ነበሩ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ደግሞ ዕንቁዎቹን ከዓመቱ 12 ወራት ጋር አያይዞ ተረጎማቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን ወር ዕንቁ ብቻ ለይቶ ማድረግ የጀመረው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በአውሮፓ ነው።

ዛሬ በየጌጣጌጥ ቤቱ የሚጠቀሰው ዝርዝር ከዚያም የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር በካንሳስ ተሰብስቦ ያጸደቀው ነው። በዚያ ዝርዝር ለጁን ወር ሉልና የጨረቃ ድንጋይ ተመደቡ፤ በ1952 አሌክሳንድራይት የተባለው ዕንቁ ተጨመረ። እንግዲህ ይህ ዝርዝር ነቢይ የተናገረው ወይም ሊቅ መርምሮ የደረሰበት ሳይሆን፣ ነጋዴዎች ለገበያቸው የተስማሙበት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ጁን በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰኔ 12 ቀን የተወለዱት ወይዘሮ በትክክል የሉል ባለቤት ናቸው። ሰኔ 25 ቀን የተወለደች እኅታችን ግን በእኛ ዘንድ የሰኔ ልጅ ብትሆንም፣ በእነርሱ ቆጠራ ወደ ጁላይ ተሻግራ ድርሻዋ ቀዩ ዕንቁ፣ ሩቢ ይሆናል። ሉል የምትወድ ከሆነች ግን ስለ ካንሳስ ነጋዴዎች ውሳኔ ብላ ልትተወው አይገባትም።

ደግሞም ሉል ክብሩን ያገኘው ከነጋዴ ዝርዝር አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ያለውን ሁሉ ሸጦ አንዲት ዕንቁ የገዛው ነጋዴ የገዛት ሉልን ነው። በዮሐንስ ራእይም የአዲሲቱ ከተማ 12 ደጆች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሉል የተሠሩ እንደሆኑ ተነግሯል። በግዕዝ ሉል «ባሕርይ» ይባላል፤ ክብረ ነገሥትም አንዲት ባሕርይ በአዳም አካል ውስጥ እንደነበረችና ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈች እስከ ድንግል ማርያም እንደደረሰች ይተርካል። ቃሉ «ባሕር» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ያው ቃል የሰውን ጠባይና የነገርን ውስጣዊ ምንነት የምንጠራበት ነው። በሌላ በኩል «ሉል» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ሉእሉእ» ጋር ይዛመዳል፤ ሴት ልጆቻችንንም ሉሊት እያልን የምንሰይመው ከዚሁ ነው። ግሪኮች ሉልን «ማርጋሪቴስ» ይሉታልና በአውሮፓ ማርጋሬት የምትባል ሴት ሁሉ በስም የሉሊት ሞክሼ ናት።

እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሌሎቹ ዕንቁዎች ከምድር ሆድ የሚወጡ ድንጋዮች ናቸው፤ ሰው ካልጠረባቸውና ካልወለወላቸው በቀር ውበታቸው አይገለጥም። ሉል ግን ድንጋይ አይደለም። ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖር ለስላሳ የባሕር እንስሳ የሚሠራው ነው፤ ከዛጎሉ ሲወጣም ጠራቢ ሳያሻው ያበራል።

የጥንት ሰዎች ሉል ዛጎሉ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን በከፈተ ጊዜ ከሚገባበት የጤዛ ጠብታ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት ይፈጠራል የሚለው አስተያየት ተስፋፋ፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የሳይንስ ምርምር እንዳረጋገጠው ግን አሸዋ ምክንያት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በአብዛኛው ወደ ዛጎሉ የሚገባ ጥገኛ ተውሳክ ወይም በእንስሳው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት መነሻ ይሆናል። እንስሳው የዛጎሉን ውስጥ የሚያለብስበትን ያንኑ አብረቅራቂ ነገር በባዕዱ አካል ዙሪያ ደጋግሞ ይለብጣል። እያንዳንዱ ስስ ገበር ከሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ያነሰ ውፍረት አለው። ብርሃን በእነዚህ ገበሮች መካከል እየተንጸባረቀ ሲመለስ ነው ሉል ከውስጥ የሚመነጭ የሚመስለውን ፀዳል የሚሰጠው።

በተፈጥሮ ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ብዙ መቶ ዛጎል ተከፍቶ ለአንገት ጌጥ የሚበቃ አንድ ሉል ላይገኝ ይችላል። ይህን ችግር ለማሸነፍ ከተነሡት ሰዎች ስሙ የገነነው ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ ነው። በ1858 በቶባ ከተማ ከምስር አሳላፊ ወይም ከመኳንንት ቤት ሳይሆን የዱቄት ምግብ ከሚሸጥ አባት ተወለደ። ዛጎሎችን በባሕር ውስጥ ማርባት ከጀመረ በኋላ፣ በ1892 የባሕሩን ውኃ የሚያቀላና የሚመርዝ ጥቃቅን ሕዋስ ተነሥቶ አብዛኞቹን ፈጀበት። እርሱና ባለቤቱ ኡሜ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ከጥፋቱ የተረፉትን ጠበቁ። በሐምሌ 1893 ከነዚያ መካከል አንዱን ዛጎል ሲከፍቱ ግማሽ ክብ ሉል ተገኘ። ኡሜ ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣትነቷ ሞተች፤ ሙሉ ክብ የሆነው የእርባታ ሉል በገበያ ሲናኝ ለማየት አልታደለችም።

የእርባታው አሠራር ይህን ይመስላል። ባለሙያው የዛጎሉን አፍ በጥንቃቄ ገርበብ አድርጎ ከሌላ ዛጎል የተወሰደ ጥቂት ሥጋ፣ ብዙውን ጊዜም ከወንዝ ዛጎል ከተፈለፈለ ክብ ፍሬ ጋር ያስገባበታል። ከዚያ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእንስሳው ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ወስዶ ገበሩን ይደርባል። ሰው ጅማሬውን ሰጠ እንጂ ሉሉን አልሠራም። ንቦችን በቀፎ ያኖረ ገበሬ የቆረጠውን ማር «ሐሰተኛ ማር ነው» የሚለው ማን ነው?

ሐሰተኛ ሊባል የሚገባው የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዶቃ በዓሣ ቅርፊት ቅባት ወይም በቀለም ተለብጦ ሉል ተብሎ ሲሸጥ ነው። ይህን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ሉሉን በፊት ጥርስ ጠርዝ ላይ በቀስታ ማሸት ነው፤ እውነተኛው ደቃቅ አሸዋ ያለበት ያህል ሲሻክር፣ አስመሳዩ ይሙለጨለጫል። በእርባታ የተገኘውንና በባሕር ውስጥ በራሱ የተገኘውን ግን ጥርስ አይለያቸውም፤ ሁለቱም ይሻክራሉና። እነዚህን በእርግጠኝነት የሚለያቸው የኤክስ ሬይ ምርመራ ነው።

እንግዲህ የሃምሳ አለቃው ሐብል በጥርስ ሲፈተን የሚሻክር ከሆነ እውነተኛ ሉል ነው። ሻጩ «ጠላቂ ያወጣው ነው» ማለቱ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚገኘው ሉል ከሞላ ጎደል በሙሉ የእርባታ ነውና። ነገር ግን ሻጩ ስለ ሉሉ አመጣጥ ዋሸ ማለት ገዢው ሐሰተኛ ጌጥ ገዛ ማለት አይደለም።

እንባው የማን ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ይቀራል። ሉል ለሙሽራ ወይም ለሚስት እንባ ያመጣል የሚለው እምነት በአውሮፓ የተለመደ ነው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፤ ሉል የእንባ ዘለላ ይመስላል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም በእንግሊዝ አገር ሐዘንተኞች ከሚያደርጓቸው ጥቂት ጌጦች አንዱ ነበር። በሕንድ ግን ሉል የሠርግ ጌጥ ነው። የእንግሊዝዋ ኤልሳቤጥ ዳግማዊትም በ1947 ስታገባ ከአባቷ የተሰጣትን የሉል ሐብል በአንገቷ አጥልቃ ነበር፤ ትዳሯም ባለቤቷ በ2021 እስኪሞት ድረስ 73 ዓመት ጸንቷል። እንግዲህ ሉል በራሱ ትዳርን አያፈርስም፤ አያጸናምም።

ይሁንና ሉል እንባ የለበትም ብንል ታሪክን መካድ ይሆንብናል። እንባው ግን ጌጡን ያጠለቀችው ሴት አልነበረም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በባሕሬንና በኩዌት፣ በቀጠርና በዱባይ፣ ታላቁ የሉል ጠለቃ የሚጀመረው በሰኔ ገደማ ነበር፤ አራት ወር ያህልም ይቆያል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይይዛል፤ እግሩን ከባድ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ አድርጎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። አንድ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ እስትንፋሱን ገትቶ ዛጎሉን በቅርጫት ይሰበስባል። ገመዱን ሲነቀንቅም በጀልባው ላይ ያለው ጓደኛው ጎትቶ ያወጣዋል። የእርሱ ሕይወት በዚያ ጓደኛው እጅ ነበረች። በቀን 50 ጊዜና ከዚያም በላይ ሲወርድ ሆዱ እንዳይከብደው ብሎ ጠዋት ቡናና ጥቂት ተምር ብቻ ይቀምሳል፤ እህል የሚበላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። የጆሮ መቀደድ፣ የዓይን ሕመምና የሻርክ አደጋ የሥራው ክፍል ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዕዳው ነበር። ጠላቂው ቤተሰቡ በአራቱ ወራት የሚኖርበትን ገንዘብ ከጀልባው አለቃ አስቀድሞ ይበደራል። ዓመቱ ሳይሰምር ሲቀር ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ሲሞትም ልጁ ወርሶ በአባቱ ምትክ ወደ ባሕሩ እንዲወርድ ይገደድ ነበር። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካና ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተሸጠው የተወሰዱ ሰዎችም ነበሩ። ያወጡት ሉል የጌታቸው እንጂ የእነርሱ አልነበረም።

ይህ ታሪክ ከእኛ ባሕር ዳርቻም ሩቅ አይደለም። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ በሚገኙት በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሉል ከጥንት ጀምሮ ይጠለቅ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የምጽዋ ገበያ በሕንዳውያን ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ ሉሉም ወደ ቦምቤይ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ይሻገራል። በዚያም ጠላቂው በዕዳ ሰንሰለት የተያዘ ነበር።

ወንዶቹ ባሕር ላይ ሳሉ በዳርቻው የቀሩትን ሴቶች እናስብ። ደብዳቤ የለም፤ ወሬ የሚያደርስ የለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የወቅቱ መጨረሻ ሲቃረብ ሴቶች ወደ ባሕሩ ዳር ወጥተው፣ ባሕሩ ከክፋቱ ንስሐ ገብቶ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን እንዲመልስላቸው በዜማ ይማጸኑ ነበር። እንዲህ ያለውን መጠበቅ የሠራዊት ቤተሰብ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

በሌላው ዓለም ግን ስለዚህ እስትንፋስ የሚያስብ አልነበረም። በ1917 በኒውዮርክ አንድ ባለጸጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ባለ ሁለት ዙር የሉል ሐብል ለሚስቱ ብሎ፣ በአምስተኛው ጎዳና የሚገኘውን ታላቅ መኖሪያ ቤቱን ከ100 ዶላር ጋር ለካርቲዬ የጌጣጌጥ ድርጅት በልዋጭ ሰጠ። ያው ሐብል በ1957 ሲሸጥ 150 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ አወጣ። ሉሎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የዓለም ገበያ ነው። በመካከሉ የጃፓን የእርባታ ሉል ወጥቶ ነበርና። በአንጻሩ ከፓናማ ባሕረ ሰላጤ በ16ኛው መቶ ዓመት የወጣችውን «ላ ፔሬግሪና» የተባለች ሉል ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን በ1969 በ37 ሺህ ዶላር ገዝቶ ለኤልሳቤጥ ቴይለር ሰጣት። በ2011 ሲሸጥ ሐብሏ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። ዋጋ እንዲህ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በዋጋው ብቻ የሰጪውን ልብ መመዘን እንደማይገባ ከዚህ እንረዳለን።

የእርባታው ሉል መስፋፋትና በ1929 የተነሣው የዓለም ኢኮኖሚ ውድቀት ተደርበው የባሕረ ሰላጤውን ጠለቃ አጠፉት። ብዙ ጀልባዎች ዳር ቀሩ፤ ብዙ ቤተሰብም ተራበ። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛኑን ይስታል። በባሕሬን የነዳጅ ዘይት የተገኘው በ1932 ነው፤ ከዚያ በኋላ የጠላቂዎቹ ልጆች ሌላ እንጀራ አገኙ። በዚያም የአባት የጠለቃ ዕዳ ለልጅ የሚተላለፍበት ሥርዓት ቀስ በቀስ ቀረ። ባሕሬን ይህን ታሪክ እንዳይረሳ ጠብቃ ያቆየቻቸው ቤቶችና የባሕር ዳርቻዎች በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ሃምሳ አለቃ ሆይ፤ እንግዲህ ለባለቤትዎ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። ጎረቤትሽ እርባታ ያለችው እውነቷን ነው፤ «እውነተኛ አይደለም» ማለቷ ግን ስሕተት ነው። እንባ ያለበት፣ ንግሥታት ያጠልቁት የነበረው የጥንቱ ሉል ነው። ያንቺውን ለማውጣት ማንም በአባቱ ዕዳ ተይዞ ትንፋሹን አልገታበትም። ከዚህ የጠራ ስጦታ ከየት ይገኛል?

አያያዙ

ሉል እንደ ኖራና እንደ እንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ካለበት ነገር የተሠራ ስለሆነ ይጫራል፤ አሲድም ይበላዋል። ክሊዮፓትራ አንድ ታላቅ ሉል በሆምጣጤ አሟሙታ ጠጣች የሚለውን ወሬ ሮማዊው ፕሊኒ ጽፎታል። ሆምጣጤ ሉልን ማሟሟቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሉሉ ካልተፈጨ በቀር በእራት ሰዓት የሚያልቅ ነገር አይደለም። እመቤቶቻችን ግን ከዚህ ትምህርት ሊወስዱ ይገባል፦

ሽቶና ቅባት ተቀብተው ካበቁ በኋላ ሉልን በመጨረሻ ያጥልቁ፤ ማታ ሲያወልቁም አስቀድመው ያውልቁት። ላብም ይጎዳዋልና ባወለቁት ቁጥር በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ያብሱት። ሎሚና ሆምጣጤ፣ በረኪናም አያስነኩት። ከወርቅና ከሌሎች ዕንቁዎች ጋር በአንድ ኪስ አያኑሩት፤ ይጭሩታልና። ክሩ ሲላላ ሳይበጠስ ያስቀይሩት፤ በየሉሉ መካከልም ቋጠሮ እንዲኖር ያድርጉ፤ ክሩ ቢበጠስ የሚጠፋው አንድ ፍሬ ብቻ ይሆናል። በሣጥን ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ መቀመጥም አይስማማውም፤ አየሩ እጅግ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ የሃምሳ አለቃው ሐብል ከሣጥን መውጣት አለበት። የሰኔ ሚካኤል ዕለትም ወይዘሮዋ አጥልቀውት፣ ያቺኑ ጎረቤታቸውን ጠርተው ቡና ቢያጠጡ መልካም ነው እንላለን። ጎረቤትዋ ቢጠራጠሩም በጥርሳቸው ይፈትኑት።

እስከ ሳምንት በደኅና ያቆየን።